የድግሱ ስም የማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከምዘወትራት ቡና ቤት ጥጌን ይዤ ጋዜጣ ሳገላብጥ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ፖስታ እንደሚያቃጥል ነገር በጣታቸው ጫፍ ይዘው ወደ እኔ መጡ። የከተማችንን እናቶች አሰባስበው በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዳቦ የሚደፉ፣ ቡና የሚያፈሉ፣ እዚህ የተወለዱትን ልጆች «አበባየሆሽ» የሚያስጠኑ ሴት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኛ ነበርኩ ትል የለም? እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉና ፖስታውን ከፊቴ አስቀመጡት።

የጠበቃ ደብዳቤ ነው። «የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ፌስቲቫል የሚለው ስም የደንበኛችን የተመዘገበ የንግድ ምልክት ስለሆነ፣ በአሥር ቀን ውስጥ በበራሪ ወረቀትም ሆነ በሌላ ማስታወቂያ መጠቀማችሁን እንድታቆሙ፤ አለበለዚያ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሥርተን ኪሣራና የጠበቃ ወጪ እናስከፍላችኋለን» ይላል። ደንበኛው በየዓመቱ ዘፋኝ እያስመጣ፣ አዳራሽ እየተከራየ ትኬት የሚሸጥ፣ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነጋዴ ነው።

«ምን ይላል?»

«እትዬ፣ ‹የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ፌስቲቫል› ብላችሁ መጥራት አትችሉም ነው የሚለው።»

«እና ምን እንበለው? ፋሲካ እንበለው?»

ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። የትምህርት ቤቱን ጂም ለመከራየት ቀብድ ከፍለዋል፤ ልጆቹ ሁለት ወር ተለማምደዋል። ሴቶቹ ደግሞ ትናንት ማታ ተሰብስበው «ይቅርብን» ብለው ለመወሰን ምንም አልቀራቸውም ነበር። ለምን ቢሉ፣ «ከእኛ ጋር ወረቀታቸው ያላለቀላቸው ልጆች አሉ፤ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ስማቸው አጠገብ እንዲጻፍ አልፈልግም» አሉኝ። ይኼን ጊዜ የእኔም ሳቅ ቆመ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የዚያን ድግስ የመጀመሪያ በራሪ ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አዲስ መጤ ነበርኩና «ጋዜጠኛ ነህ፣ ጻፍልን» ሲሉኝ ከላይ በትልልቁ «የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ፌስቲቫል» ብዬ ጻፍኩ። ስም ማውጣቴ አልነበረም። ድግሱ የኢትዮጵያውያን ነው፣ ቀኑ አዲስ ዓመት ነው፣ የሚደረገው ፌስቲቫል ነው፤ ያለውን ነው የጻፍኩት። ታዲያ ያለውን በመጻፍ የሌላ ሰው ንብረት ይሰረቃል ወይ? የዚህ ሳምንት ጨዋታችን ይህ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሳምንቱን መዝገብና ውሳኔ ሳገላብጥ ሰንብቻለሁና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ነገሩን ከአገራችን ገበያ እንጀምረው። በየወረዳው «ሰኞ ገበያ»፣ «ቅዳሜ ገበያ» የሚባል አለ። ስሙ የሚነግረን መቼና ምን እንደሚደረግ ብቻ ነው። አንድ ብልጥ ተነሥቶ «ቅዳሜ ገበያ የሚለው ስም የእኔ ነው፣ የጎረቤቱ ወረዳ በሌላ ስም ይጥራ» ቢል አገር ይስቅበታል። የአሜሪካን ሕግም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1946 የወጣው የፌዴራል የንግድ ምልክት ሕግ፣ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ከመግለጽ በቀር ሌላ ሥራ የሌለውን ስም አልመዘግብም ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የንግድ ምልክት የተፈለገው ገዢው የአንዱን ነጋዴ ሥራ ከሌላው እንዲለይበት ነው። ገላጭ ቃል ግን ሁሉም ነጋዴ ስለ ሥራው ለመናገር የሚያስፈልገው ቃል ነው፤ እርሱን ለአንዱ መስጠት የሌላውን አፍ መዝጋት ይሆናል።

ፍርድ ቤቶቹ ስሞችን እንደ መሰላል በደረጃ ይከፍሏቸዋል። ከላይ እንደ «ኮዳክ» ያለ ከባዶ የተፈጠረ ቃል አለ። ከእርሱ ዝቅ ብሎ እንደ «አፕል» ያለ፣ ቃሉ የታወቀ ሆኖ ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ስም ይመጣል፤ ኮምፒዩተርን ፖም ብሎ የሚጠራ ሌላ የለምና። ሦስተኛው ጠቆም አድርጎ የሚተው ስም ነው። አራተኛው ገላጩ ነው። ከመሰላሉ ግርጌ ደግሞ የነገሩ የራሱ መጠሪያ ይገኛል፤ «ማራቶን»፣ «ኮንሰርት»፣ «ፌስቲቫል» የሚሉት ናቸው። የግርጌው መቼም ቢሆን የማንም አይሆንም። አራተኛው ግን አንድ በር ተከፍቶለታል፤ ጭቅጭቁም ሁሉ የሚነሣው ከዚያ በር ላይ ነው።

በሩ ምንድን ነው? መርካቶን አስቡ። በጣሊያንኛ «መርካቶ» ማለት ገበያ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያን ሰፈር ገበያ ብሎ ሲጠራው ስም ማውጣቱ አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ግን ሰዉ ቃሉን ለዚያ ለአንዱ ቦታ ሰጠው። ዛሬ «መርካቶ ሄድኩ» ያላችሁን ሰው «የትኛው ገበያ?» ብላችሁ አትጠይቁትም። ገላጩ ቃል በሰው ጆሮ ውስጥ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካን ሕግም ገላጭ ስም ከብዙ አገልግሎት የተነሣ በሕዝብ ዘንድ የአንድን አቅራቢ ሥራ መለያ ከሆነ ይመዘገባል ይላል። አመልካቹ ለአምስት ዓመት ያለማቋረጥ፣ ከሞላ ጎደልም ብቻውን ሲጠቀምበት ከቆየ ይህንኑ ቢሮው በማስረጃነት ሊቀበለው ይችላል። «ብቻውን» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ እውነተኛ ሙግት እንሂድ። በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ከ1970 ጀምሮ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ወዳጆች በየዓመቱ የሚገናኙበት ትልቅ ጉባኤ አለ፤ ስሙ «ኮሚክ ኮን» ነው። «ኮሚክ» የመጽሔቱ ዓይነት፣ «ኮን» ጉባኤ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምኅጻር ነው። ከእንቁጣጣሹ በራሪ ወረቀት በምን ይለያል? በምንም። በ2013 ደግሞ በዩታ ሶልት ሌክ ሲቲ ሌሎች ሰዎች ተመሳሳይ ድግስ ጀመሩና «ሶልት ሌክ ኮሚክ ኮን» አሉት። በዓመቱ ስማቸውን የለጠፉበት መኪና ይዘው የሳን ዲዬጎው ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን እዚያው ከተማ ውስጥ ይዞሩ ጀመር። ክሱም ተከተለ።

የዩታዎቹ መልስ አሁን እኔ የጠየቅሁት ነበር፦ «ኮሚክ ኮን ማለት የኮሚክ ጉባኤ ማለት ነው፤ በየከተማው በዚህ ስም የሚጠራ ሞልቷል።» የሳን ዲዬጎዎቹ ደግሞ ሰው አስጠየቁ። ከተጠየቁት ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ስሙን የአንድ ድርጅት መለያ እንጂ የነገሩ ዓይነት መጠሪያ አድርገው እንደማያዩት የሚያሳይ ጥናት አቀረቡ። በታኅሣሥ 2017 ጁሪው ለሳን ዲዬጎ ፈረደ፤ ምልክቱ የጸና ነው፣ ተጥሷልም አለ። ሆን ተብሎ የተደረገ ጥሰት አይደለም ብሎ ግን በሚሊዮን ከተጠየቀው ካሣ የፈቀደው 20,000 ዶላር ብቻ ነበር። ዳኛው ግን በ2018 ተከሳሾቹ ስሙን እንዳይጠቀሙ ከልክሎ፣ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የጠበቃ ወጪ እንዲከፍሉ አዘዘ። የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2020 ዋናውን ውሳኔ አጸናው። የዩታው ድግስ ዛሬ «ፋን ኤክስ» ይባላል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ገላጭ የሆነ የድግስ ስም የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ «አይቻልም» ብሎ በደረቁ መከራከር አያዋጣም። ሁለተኛ፣ ካሣው 20,000፣ የጠበቃው ሒሳብ ግን ወደ 4 ሚሊዮን ነው። እንደ እኛ ያለውን ሰው አንገት የሚያስደፋው ፍርዱ ሳይሆን መንገዱ ነው። የጠበቃ ደብዳቤ ኃይሉ ከውስጡ ካለው ሕግ ይልቅ ከላዩ ካለው አድራሻ የሚመነጭበት ጊዜ ብዙ ነው።

ባሕር ተሻግረን ጀርመን ብንሄድ ደግሞ ሌላ ፍርድ እናገኛለን። የ2006ቱ የዓለም ዋንጫ በጀርመን ሲዘጋጅ ፊፋ «ፉስባል ቬ ኤም 2006» እና «ቬ ኤም 2006» የሚሉትን ስሞች ለብዙ ዓይነት ዕቃና አገልግሎት አስመዝግቦ ነበር። «ፉስባል» እግር ኳስ፣ «ቬ ኤም» የዓለም ሻምፒዮና ማለት ነው። በቸኮሌቱ መጠቅለያ ውስጥ የተጫዋቾችን ፎቶ እየጨመረ የሚሸጠው ፌሬሮ ምዝገባው እንዲሰረዝ ጠየቀ። ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2006፣ የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ፈረደ። «የእግር ኳስ የዓለም ሻምፒዮና 2006» የሚለው አነጋገር የዝግጅቱ መጠሪያ እንጂ የማንም የንግድ መለያ አይደለም፤ ለድግስ ስም ብሎ የተለየ የላላ መስፈርትም የለም አለ። «ቬ ኤም 2006» የሚለውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ወደቀ። በ2008 የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምልክት ቢሮ የይግባኝ ቦርድ ተመሳሳይ የፊፋ ስሞችን ሰረዘ።

ፊፋ ገንዘብና ጠበቃ አላጣም። ታዲያ ለምን ተረታ? የሳን ዲዬጎዎቹ ሰው ስሙን ሲሰማ እነሱን እንደሚያስብ አሳይተዋል። ፊፋ የያዘው ግን ማንም ጀርመናዊ፣ ጋዜጠኛውም ቢራ ሻጩም ልጁም፣ ስለዚያ ክረምት ለመናገር የግድ የሚያስፈልገውን ቃል ነበር። ድግሱ የአንተ ስለሆነ ብቻ የድግሱ መጠሪያ የአንተ አይሆንም ማለት ነው። እርግጥ «ኦሎምፒክ» ለብቻው ይታያል፤ እዚህ አሜሪካ ምክር ቤቱ በ1978 ባወጣው ልዩ ሕግ ቃሉን ለአገሪቱ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ሰጥቶታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1987 አጽንቶታል። ነገር ግን እንደዚያ ዓይነት ሕግ ለማንም ነጋዴ አይወጣም።

ሕዝብ ስም እንደሚሰጥ ሁሉ ሊነሳም ይችላል። የኢሊኖይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማኅበር የቅርጫት ኳስ ውድድሩን ከ1940ዎቹ ጀምሮ «ማርች ማድነስ»፣ የመጋቢት እብደት እንደማለት፣ እያለ ይጠራ ነበር። በ1982 አንድ የቴሌቪዥን ስፖርት ጋዜጠኛ የዩኒቨርሲቲዎቹን ውድድር በዚሁ ስም ጠራው፤ አገሩም ተቀብሎ ያስተጋባው ጀመር። ማኅበሩ ቆይቶ ቢከስ፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1996 «ሕዝብ ስሙን ለሁለቱም መጠሪያ ካደረገው በኋላ ከአፉ ልንነጥቀው አንችልም» ወደሚል ውሳኔ ደረሰ። ሁለቱም ወገኖች ኋላ ታርቀው ስሙን በጋራ ያዙት። ይህን ሳነብ የገጠር ሽማግሌዎቻችን የወል ግጦሽ ሲያከራክር የሚፈርዱት ፍርድ ነው የመሰለኝ።

አሁን አንባቢ «የእኛስ ቡና?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2005 ኢትዮጵያ «ሐረር»ን፣ «ሲዳሞ»ንና «ይርጋጨፌ»ን በአሜሪካን አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ በጊዜው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በነበሩት በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ዘመን ማለት ነው፣ የአሜሪካን ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ቢሮውም ስለ ሐረርና ስለ ሲዳሞ መጀመሪያ የሰጠው መልስ «እነዚህ የቡና ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው» የሚል ነበር። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ፤ ለቀሩት ክርክሩ ቀጠለ። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በሰኔ 2007 በስምምነት አለቀ፤ ሲዳሞም በ2008 ተመዘገበ። ያን ጊዜ እኛ ነበርን «ይህ ስም ተራ መግለጫ አይደለም፣ ባለቤት አለው» ብለን የጮኽነው። በየስታርባክሱ ደጃፍ ቆመን ወረቀት ያደልን አለን። ዛሬ «ገላጭ ስም የማንም አይደለም» ብንል አንድ አፍ ሁለት ምላስ አይሆንብንም ወይ?

እኔ አይሆንም እላለሁ፤ ምክንያቴን ግን መመዘን የአንባቢ ነው። የይርጋጨፌ ቡና ከአንድ አገር በቀር ከየትም አይመጣም፤ ስሙን የሚሰማ ቡና አዋቂም ያንን አገር ያስባል። ስለዚህ ስሙ ምንጩን ይለያል። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ ስሙን የያዘችው ሌላው እንዳይጠራው ለማድረግ አልነበረም፤ ቡናውን የሚሸጠው ሁሉ ፈቃድ ወስዶ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት፣ ገበሬውም ከስሙ እንዲጠቀም ነበር እቅዷ። ስሙ በአደራ ተያዘ እንጂ አልታጠረም። የእንቁጣጣሹ ነጋዴ ግን ዳቦ የደፉትን እናቶች ዳቦው የተደፋበትን ቀን ስም አትጥሩ ነው ያለው። የኢትዮጵያን አዲስ ዓመት አክባሪው በዋሽንግተንም በሎስ አንጀለስም፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ሞልቷል። ስሙን ሲሰሙ አንድን ነጋዴ የሚያስቡ ስንት ናቸው?

«ብቻውን» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ስሙን ከአገር ሙሉ ሰው ጋር እየተጠቀምክ አምስት ዓመት ቢሞላህ ብቻህን ተጠቀምክ አያሰኝህም።

ደግሞ አንድ ብልጥ ሊል ይችላል፦ «እንግሊዝኛው ካልሆነ በአማርኛ እንቁጣጣሽ ብዬ ላስመዝግበው፤ ፈረንጅ ምን ያውቃል?» ያውቃል። ቢሮው የባዕድ ቃል ሲቀርብለት ትርጉሙን አምጣ ይላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ቢሆን ገላጭ ተብሎ የሚወድቅ ከሆነ፣ አማርኛ መልበሱ በተለመደው አሠራር አያድነውም። የአዲስ ዓመት ድግስን «አዲስ ዓመት» ብሎ መጥራት በግዕዝ ፊደልም ሆነ በላቲን ያው ነው።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። «የተመዘገበ» ይላል። ታዲያ የት ተመዘገበ? ይህ ቃል ቢያንስ አራት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሰው በስቴቱ ጽሕፈት ቤት የኩባንያ ስም አውጥቶ የንግድ ምልክት ያስመዘገበ ይመስለዋል፤ ይህ ሌላ መዝገብ ነው። ሁለተኛው በፌዴራሉ ቢሮ ሥዕል ያለበትን አርማ አስመዝግቦ በውስጡ ላሉት ገላጭ ቃላት «በቃላቱ ላይ ብቻቸውን መብት አልጠይቅም» ብሎ የፈረመ ነው። ሦስተኛው «ተጨማሪ መዝገብ» በሚባለው ላይ የሰፈረ ነው። እዚያ የሚገባው ገና መለያ ያልሆነ ገላጭ ስም ነው፤ መመዝገቡ ራሱ ስሙ ለጊዜው ገላጭ መሆኑን ይመሰክራል። አራተኛው ብቻ ነው ቃላቱን ራሳቸውን በዋናው መዝገብ ያሰፈረ። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ደብዳቤው አይነግራችሁም፤ ጠይቁ፣ ራሳችሁም እዩ። የፌዴራሉ ቢሮ የሚገኘው እዚሁ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ከተማ ነው። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ ለማየትም ገንዘብ አይጠየቅም።

እኔም አየሁ። የነጋዴው ምዝገባ አለ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አደይ አበባና ከበሮ የተሳለበት አርማ ነው፤ ከሥሩም «የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ፌስቲቫል በሚሉት ቃላት ላይ ከአርማው ተለይተው የብቻ መብት አይጠየቅም» የሚል ጽሑፍ አለ። ነጋዴው ራሱ ለመንግሥት የካደውን መብት ነው በጠበቃ ደብዳቤ ለእናቶች የጠየቀው።

ነገር ግን ፍትሕ ለሁሉም ነውና የነጋዴውንም ወገን ልናገር። ሰውየውን አግኝቼ አነጋግሬዋለሁ። አምና አንድ ሌላ ሰው የእርሱን ፖስተር ቀለም እንኳን ሳይቀይር ገልብጦ ትኬት ሸጦበታል፤ ገንዘብ ከፍለው የተሳሳተ አዳራሽ የሄዱ ሰዎች እርሱን ሲሰድቡት ከርመዋል። ይህ እውነተኛ በደል ነው፤ መድኃኒትም አለው። አርማው የእርሱ ነው፣ የፖስተሩም ሥዕል እንዲሁ። ሰውን ማሳሳትም ስም ባይመዘገብ እንኳን የተከለከለ ነው። በ2021 በዱባይ ትልቅ የቢራ ድግስ እናደርጋለን ያሉ ሰዎች «ኦክቶበርፌስት ወደ ዱባይ ሄደ» የሚል ማስታወቂያ ሲያወጡ፣ የሙኒክ ፍርድ ቤት የከለከላቸው ሰው የ1810ሩ የሙኒክ በዓል ወደዚያ የተዛወረ እንዲመስለው ያደርጋል፣ ማታለል ነው ብሎ ነው። ነጋዴውም የፖስተር ሌባውን በዚህ መንገድ ቢይዝ ከጎኑ እቆማለሁ። የእርሱ ጥፋት ሌባውን ትቶ የአገሩን ቀን ስም ማጠሩ ነው። ለዘፈኑ ምሽት የራሱ የሆነ፣ ማንም የማይጋራው ስም ቢያወጣለት ኖሮ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ለአንድ የአገልግሎት ክፍል 350 ዶላር በሆነው ማመልከቻ ጠንካራ መብት ይገኝበት ነበር። ጠበቃውን በከፈለበት ገንዘብ ስንት ስም ይመዘገብ ነበር!

ከዚህ ሁሉ ለማኅበሮቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ቢሮው አንድን ስም ለመመዝገብ ሲያስብ በይፋዊ ጋዜጣው ያወጣዋል፤ የሚጎዳ ሰው የሚቃወምበት 30 ቀን አለው። ካለፈም፣ በዋናው መዝገብ ከሠፈረ በኋላ እስከ አምስት ዓመት ድረስ «ይህ ስም ገላጭ ነው» ብሎ ማሰረዝ ይቻላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ባለቤቱ ስሙን ሲጠቀምበት ቆይቶ የሚፈለገውን ወረቀት ካስገባ፣ ገላጭነቱን ምክንያት አድርጎ መከራከር ያበቃለታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 «ፓርክ ኤንድ ፍላይ» የሚል ስም የያዘ የአውሮፕላን ጣቢያ መኪና ማቆሚያ ድርጅትን ጉዳይ ሲያይ ይህንኑ ወስኗል፤ «አቁምና ብረር» ማለት ከገላጭም ገላጭ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስሙ የነገሩ ዓይነት የወል መጠሪያ ሆኗል ብሎ መከራከር፣ ወይም ሕጉ ለማንም በፈቀደው መሠረት ቃሉን በቅን ልቦና ለመግለጫነት ብቻ ነው የተጠቀምኩበት ብሎ መከላከል ነው። እኛ ደግሞ ነገር ሲመጣ «እስቲ ይለፍ» ብለን ዝም ማለት እንወዳለን። እዚህ ዝምታ በአምስት ዓመት ርስት ያስወስዳል። ስለዚህ የድሮ በራሪ ወረቀቶቻችሁን፣ ፎቶዎቻችሁን፣ የአዳራሽ ደረሰኞቻችሁን አትጣሉ። ከማን በፊት ምን ብላችሁ እንደተጠራችሁ የሚመሰክሩላችሁ እነሱ ናቸው።

የእኔዋ የመጀመሪያ በራሪ ወረቀት ተገኝታለች። እትዬ ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አጥፈው አስቀምጠዋት ነበር፤ ዓመቱ ተጽፎባታል፣ ከነጋዴው የመጀመሪያ ድግስም ቀድማለች። አንዲት የወገን ልጅ፣ ጠበቃ ናት፣ ያለ ክፍያ የአንድ ገጽ መልስ ጽፋ የበራሪ ወረቀቷንና የአርማውን መዝገብ ቅጂ አያይዛ ልካለች። የሴቶቹ የማንም ስም አልተጠቀሰም፤ የማኅበሩ ስም ብቻ ነው። ይህን እስከጻፍኩበት ድረስ መልስ አልመጣም፤ ጂሙም አልተሰረዘም።

እትዬን መልሱ ሲላክ «አሁን ምን ብለን እንለጥፍ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያው ነዋ» አሉኝ። «ለእርሱም አንድ ጠረጴዛ ያዝለት። በእንቁጣጣሽ ቀን የተጣላ ሰው አይቅር።»

ሳምንት በቸር ያገናኘን።